ጾም ያልፈታሁባቸው ዓመታት

ካናዳ፣ ካልጋሪ በገባሁ በሦስተኛው ወር ተሳልኩ። ልጄን አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ትቼያት ነበር የመጣሁት፤ እሷ መጥታ እስካያት ድረስ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም አልቀምስም አልኩ። እሷን የማስመጣቱ ፕሮሰስ አንድ ዓመት ይፈጃል ብለውኝ ነበር። አራት ዓመት ሆነ።

ያን ጊዜ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነን። ኦግደን የሚባለው የካልጋሪ ሰፈር ውስጥ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ላውንድሪ እሠራለሁ። ወጥ ለመሥራት ጊዜ ስለሌለኝ ብዙውን ቀን በዳቦና በሻይ ነበር የምውለው።

በአራተኛው ዊንተር ነገር ይጠፋብኝ ጀመር። መጀመሪያ ቁልፍ፣ ቀጥሎ ቃል። አንድ ጠዋት ከአውቶቡስ ወርጄ ወደ ሥራ የሚወስደው መንገድ ጠፋኝ። ዓመታት የተመላለስኩበት መንገድ ነው። የባቡር ሐዲዱ አጠገብ በረዶ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። እግሬ ይደነዝዛል፤ ብርዱ ነው ብዬ ተውኩት።

ለማንም አልተናገርኩም። አክስቴ አእምሮዋ ደክሞ በመጨረሻ ልጆቿን እንኳ አታውቅም ነበር፤ በዘር የመጣብኝ መሰለኝ። ከዚያ የባሰው ፍርሃቴ ግን አብዳለች ተብዬ የልጄ ኬዝ እንዳይዘጋ ነው። አውቶቡስ ውስጥ የልደት ቀኗን ለራሴ ደጋግሜ እጠራለሁ። አንድ ቀን ወሩ ጠፋኝ።

ነገሩን የደረሰችበት ቤት የምትጋራኝ ጓደኛዬ ናት።

«ምድጃውን ሳታጠፊ ወጥተሻል» አለችኝ። «ሁለተኛሽ ነው።»

«ደክሞኝ ነው።»

«ድካም አይደለም። ነገ ኦፍ ነኝ፣ ክሊኒክ እንሄዳለን።»

«እብድ ናት ብለው ቢጽፉብኝስ?»

«ቤቱ ከተቃጠለማ መጻፋቸው አይቀርም» አለች።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፋች ሴት ነበረች። ስለ አክስቴ ልነግራት ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ግን ዓይኔን አስጨፍና አቆመችኝ። ሚዛኔን ስቼ ጓደኛዬ ደገፈችኝ። ከዚያ ሐኪሟ «ምንድን ነው የምትበዪው?» አለች። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ስለቴን ሳወራ ጓደኛዬ አስተረጎመችልኝ። ለምርመራ ደም ቀዱኝ።

ውጤቱን ለመስማት አንድ ሳምንት ጠበቅኩ።

«ቢ ትዌልቭ የሚባለው ቫይታሚን አልቆብሻል» አለች ሐኪሟ። «ከሥጋ፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው የሚገኘው። እሱ ሲጎድል ነርቭም አንጎልም ይጎዳል።»

«እብደት አይደለም?»

«አይደለም። ግን ቆይተሻል፤ የእግርሽ ድንዛዜ ሙሉ በሙሉ ላይተውሽ ይችላል። ወይ መብላት፣ ወይ መርፌ።»

ንስሐ አባቴ ጋ ደወልኩ። «አባ፣ ስለቴን ላፍርስ?»

«ልጄ፣ መድኃኒት ጾም አያስገድፍም፤ ተወጊ» አሉኝ። «ልጅሽ ስትመጣ ልጇን የምታውቅ እናት ትጠብቃት።»

ተወጋሁ። ቃላቱ በሁለት ወር ውስጥ አንድ በአንድ ተመለሱ። ኬዙንም ማንም አልዘጋው፤ በከንቱ ነበር የፈራሁት።

ልጄ በቀጣዩ በጋ ገባች፣ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ኤርፖርት ላይ ከሩቅ ለየኋት። እሷ ግን ካመጣቻት ሴትዮ ጀርባ ተደበቀች። እቤት ገብተን እንቁላል ጠብሼ አብሬያት በላሁ። ለሳምንታት «አንቱ» ትለኝ ነበር። «አንቺ» ያለችኝ ትምህርት ቤት ከጀመረች በኋላ ነው፣ ጫማዋን እያሰርኩላት፣ አጥብቀሽብኛል ብላ ስትቆጣኝ።