በደብዳቤ ጥያቄ ብቻ

ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢያችን እኔና ባልደረባዬ አንድ ቢሮ እንጋራለን። እሷ የቡና ተባዮችን ፎቶ ትሰበስባለች፤ እኔ ደግሞ ንቦች ማራቸውን ከየትኛው አበባ እንደሚሠሩ ለመለየት የአበባ ዱቄት በማይክሮስኮፕ እያየሁ ፎቶ አነሳለሁ። ለዚህ ብዬ ለዓመታት ከሰርቦ እስከ አጋሮ ጭቃ ረግጫለሁ። የሁለታችንም ሥራ ኢንተርኔት ላይ ሊወጣ ሲል ኃላፊያችን ቅጽ ሰጠን፤ በምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚለቀቅ እያንዳንዳችን እንድንወስን። እሷ ብዙም አላሰበችበትም፤ ስሟን እስከጠቀሰ ድረስ ማንም ይጠቀምበት ብላ ፈረመች። እኔ «በደብዳቤ ጥያቄ ብቻ» የሚለውን መረጥኩ። እኔ የለፋሁበትን ሌላው አንስቶ ሊከብርበት ነው? አልኩ በልቤ።

ዓመት ሳይሞላ የእሷ ተባዮች ያልደረሱበት አልነበረም። የግብርና ባለሙያዎች በሚያድሉት በራሪ ወረቀት ላይ፣ ውጭ አገር በታተመ ጽሑፍ ላይ፣ ስሟ ከነአባቷ ሰፍሮ። ባየች ቁጥር ታሳየኛለች፤ እኔም እንኳን ደስ ያለሽ እላለሁ፣ ፊቴ ግን እሺ አይለኝም። ሻይ ልጠጣ ብዬ እወጣና ብቻዬን እብሰለሰላለሁ። እሷ ስልኳን አውጥታ ቀጭ አድርጋ ያነሳችው ትል! እኔ አንዷን ቅንጣት ጥርት አድርጌ ለማንሳት ቀኑን ሙሉ አንገቴ ይደርቃል። አዲስ አበባ ለስብሰባ የተጠራች ጊዜ ሦስት ቀን ዘጋኋት። እሷ ያመመኝ መስሏት ዝንጅብል ይዛልኝ መጣች። ያ ደግሞ ይበልጥ አባሰብኝ።

በዚያው ሰሞን ሰርቦ ሄድኩ። ገተሜ በሚባለው ዛፍ ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አበባ ሲያወርዱልኝ የኖሩ አንድ አዛውንት አሉ። አስተማሪ ልጃቸው ፎቶዎቼን ለተማሪዎቿ ልታሳይ ፈልጋ፣ ማኅተም ያለበት ደብዳቤ አምጪ ተብላ ሳታሳያቸው መቅረቷን ነገሩኝ። አልተቆጡም። ደንቡ እንደዚያ ነው አልኳቸው። ደንቡን ማን እንዳወጣው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ በማለት ፈንታ የጫማዬን ጭቃ መጥረግ ጀመርኩ፤ እሳቸው ግን ገባቸው።

«ልጄ፣ እዚያ ላይ ወጥቼ አበባውን ሳወርድልህ ደብዳቤ ጠይቄህ ነበር?»

«አልጠየቁኝም፣ አባባ።»

«ታዲያ ልጄ ምን አጠፋች?»

በማግስቱ ፈቃዱ እንዴት እንደሚቀየር ባልደረባዬን ጠየቅኳት። ለምን እንደሆነ ሳትጠይቀኝ ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠችና አሳየችኝ። ናሙና ሰብሳቢ በሚለው ቦታ ከእኔ ስም ቀጥሎ የአዛውንቱን ስም እንድጨምርም ያሳሰበችኝ እሷው ናት። ትክክል ነበረች፤ እኔ ሳላስበው እሷ በማሰቧ ግን ውስጤ ተቃጠለ። ቢሆንም ስማቸውን ጻፍኩ።

አስተማሪዋ ፎቶዎቹን አሳትማ ክፍሏ ግድግዳ ላይ ለጥፋቸዋለች። ሄጄ አየሁ። አብረውኝ የመጡት አዛውንት ከፎቶዎቹ ሥር የተጻፈውን ስማቸውን በጣታቸው እየነኩ «ማሻአላህ» አሉ። ከእኔ ፎቶዎች ጎን የባልደረባዬ ተባዮች ተሰቅለዋል፣ በትልልቁ ታትመው። ተማሪዎቹ ከበው የሚያዩት እነሱን ነበር።