ለመስቀል የገዛሁት ቀይ ቦቢና

እስከ ዛሬ ኮልፌ በዚያ መለዋወጫ ሱቅ በር ሳልፍ ደሜ ይፈላል። ሰውዬው አሁንም እዚያው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ ስልኩን ይነካካል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ላይ አንድ ክፉ ነገር ያደረገ አይመስልም። አንድ ቀን ገብቼ የሆዴን ሁሉ እዘረግፍበታለሁ እያልኩ ይኸው ሁለት ዓመት ሞላኝ። አልገባሁም። የማልገባበትን ምክንያት ደግሞ አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ ብገባ ከምሰድበው ስድብ ግማሹ የራሴ ነው።

ነገሩ የአባዬ ጂፕ ነው። በቤንዚን የምትሄድ፣ ታናሽ ወንድሜን በዕድሜ የምትበልጥ አሮጌ መኪና። አባዬ ጉልበት በነበረው ጊዜ ጨርቃ ጨርቅ እየጫነ ገበያ ለገበያ ሲዞርባት ኖሯል። ዓይኑን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የምነዳት እኔ ነኝ። ክረምት ሲገባ ግን ትነጫነጫለች። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ታስላለች፣ ታስላለች፣ ከዚያ ጭጭ። ጎረቤት ተሰብስቦ ሲገፋት እኔ መሪ ይዤ በሐፍረት እሸማቀቃለሁ።

የዚያን ዓመት ክረምት ከጉራጌ፣ ከአገር ቤት መልእክት መጣ። የአባዬ ታላቅ ወንድም በጠና ታመዋል፤ ሐኪሙም ቤታችሁ ውሰዷቸው ብሎ አሰናብቷቸዋል። ሁለቱ ወንድማማቾች በአንድ የባሕር ዛፍ ቦታ ተጣልተው ሳይነጋገሩ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በእኛ ዘንድ ለመስቀል ሰው ካለበት ሁሉ ተነሥቶ ቤቱ ይገባል፤ የተጣላ ሳይታረቅ ደግሞ ለእርዱ ቢላ አይነሣም። የሚመርቀውም ታላቁ ነው። ሽማግሌዎች ገቡና ደመራ ዕለት፣ ከእርዱ በፊት፣ ተገናኝተው ይታረቁ አሉ። አጎቴ ከዚያ መስቀል ወዲያ ሌላ መስቀል እንደማያዩ ሁላችንም እናውቃለን።

አባዬ እሺ አለ፤ ግን በራሴ መኪና ካልሆነ አልሄድም አለ። ጂፗ ስትገዛ ወንድሙ ሁለት በሬያቸውን ሸጠው ነው ያሟሉለት። በእሱ በሬ በተገዛችው መኪና ነው ደጁ የምቆመው፣ ሌላ ምንም አልናገርም፣ እሷን ሲያያት ይገባዋል አለን። ወንድሜ ደህና መኪና እንከራይ ብሎ ለመነው። ወይ ፍንክች።

እዚያው ኮልፌ ለዓመታት የሠሩልን አንድ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው ብዙም አልቆዩ። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ የታመመው እሳቱ ነው አሉ። እሳት የሚሉት ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን ብልጭታ ነው፤ ቦቢና የሚባለው ዕቃ የባትሪውን ኃይል ያበረታውና በገመድ፣ ብልጭታውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚያወጡት ካንዴላዎች ይልከዋል። በመሃል ደግሞ ፑንቲና የምትባል ጥፍር የምታህል ነገር አለች፤ እየተከፈተች እየተዘጋች እሳቱን በሰዓቱ የምትለቀው እሷ ናት። እሷ ተበልታለች፤ ፑንቲና፣ ካንዴላና ገመድ ግዢ፣ ሌላውን አትንኪ፣ ደርሰሽ ትመለሻለሽ አሉኝ።

ወንድሜ ግን በስልኩ ቪዲዮ ሲያይ ሰንብቶ ሊቅ ሆኗል። ፑንቲና ድሮ ቀርቷል፣ በኤሌክትሮኒክ ይተካ፣ ቦቢናውም ጉልበተኛው ይሁን ይለኛል። ሽማግሌውን ስጠይቃቸው አልተቃወሙም። ኤሌክትሮኒኩ ጥሩ ነገር ነው፣ ርጥበት አይበግረውም፣ ብቻ ቦቢናው ለእሱ የተሠራ ይሁን አሉ። ጉልበተኛ ቦቢና ብዙ ኃይል ይስባል፤ ኤሌክትሮኒኩ ካልቻለው ይግላል፣ ሲግል ሞተሩን ያጠፋል። ካላገኘሽ አሮጌው ቦቢና ይበቃሻል አሉኝ። እንግዲህ ከዚህ በላይ ሰው ምን ይበል?

ያ ባለሱቅ ኤሌክትሮኒኩንም ጉልበተኛውን ቦቢናም አምጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። እርስ በርሳቸው ይስማማሉ ወይ ብዬ ጠየቅሁት። ካርቶኑን ዞር አድርጎ እንኳ ሳያይ፣

“እህት፣ ይሄ ለሁሉም ይሆናል” አለኝ።

ለሁሉም ይሆናል! ድንቄም። እኔስ አነበብኩት? አላነበብኩትም። ቦቢናው ቀይ ነበር፣ የሚያብረቀርቅ ቀይ። አገር ቤት ስንደርስ ኮፈኑ ተከፍቶ ዘመድ ሁሉ ከቦ ሲያደንቀው ታየኝ። ለመስቀል አገሩ የሚገባ ሰው ይሄን በሽታ ያውቀዋል። ጫማው አዲስ፣ ሸማው አዲስ፣ ለሽማግሌው ጋቢ፣ ለሴቶቹ ሻሽ፤ ከከተማ አሮጌ ይዞ መግባት ነውር ነው። እኔም ለሞተሩ የመስቀል ልብሱን ገዛሁለት።

ሽማግሌው መካኒክ ካርቶኑን ወስደው መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ መለሱልኝና፣

“ልጄ፣ ይሄን በእጄ አልገጥምም። አባትሽን ይዘሽ መንገድ ላይ ትቆሚያለሽ” አሉኝ።

እኔ ደግሞ ምን ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ሰው እየሰማ፣ በየሦስት ወሩ ፑንቲና ላስተካክል እያልኩ እንድመላለስልዎት ነው አይደል አልኳቸው። በአባቴ ዕድሜ ያለ ሰው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው ወደ ሌላ መኪና ሄዱ። ይሄን ሳስታውስ እስከ አሁን ፊቴ ይግላል።

ወንድሜ እሑድ ዕለት ግቢያችን ውስጥ ዕቃዎቹን ገጠመላት። በአንድ ቁልፍ ተነሣች። እስከ ዓለም ባንክ ሰፈር ደርሼ ተመለስኩ፤ ዝናብ ነበር፣ ብርድ ነበር፣ ሞተሩ የት ሊግል? ስመለስ በሽማግሌው ጋራዥ በር በኩል ሆን ብዬ አለፍኩና ጥሩምባ ነፋሁ። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበርኩ።

አባዬ የወለቁትን ዕቃዎች፣ ፑንቲናዋንም ቦቢናውንም፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ወንበሩ ሥር አድርጉልኝ ብሎ ነበር። ተደርጎለትም ነበር። ለበዓሉ መኪናዋን ሳጥብ ግን ያ የዘይት ጨርቅ ዓይኔን አስጠላኝ። ከውጭ “ቆራሌው!” የሚለው ድምፅ ተሰማ። ከተሰበረ ምድጃና ከሁለት አሮጌ ብረት ድስት ጋር አውጥቼ ሰጠሁት። ቤቱም ጸዳ፣ መኪናዋም ጸዳች፣ ደስ አለኝ።

አባዬ ሁለት ቀን ቀደም ብለን እንውጣ ሲል የበዓል ገበያ አያምልጠኝ ያልኩትም እኔ ነኝ። የምነግድባትን ሱቄን የዘጋሁት በመጨረሻው ቀን ነው። ደመራ ዕለት ማለዳ ሦስታችን ተነሣን፤ አባዬ ከፊት፣ ወንድሜ ከኋላ ከጋቢውና ከስኳሩ ጋር። በዓለም ባንክ ወጣን፣ ሰበታን አለፍን፣ መኪናዋ እንደ አዲስ ትበራለች። አባዬ ጆሮውን ወደ ሞተሩ አድርጎ ፈገግ ብሏል።

ወሊሶን አልፈን ፀሐዩ ከረር ሲል፣ ዳገት ላይ ጠፋች። ዝም ብላ፣ ሳታስል ሳትንገዳገድ፣ ቀጥ። ጠበቅናት፣ ቀዘቀዘች፣ ተነሣች። ዐሥር ደቂቃ ሄዳ ደግማ ጠፋች። ሽማግሌው እንዳሉት፣ ቃል በቃል። ኤሌክትሮኒኩን ስነካው ጣቴን ለበለበኝ።

አባዬ ረጋ ብሎ፣ ችግር የለም፣ ፑንቲናዋን ስጡኝ፣ እሷን ለመግጠም ዓይን አያስፈልገኝም፣ ጣቴ ያውቃታል አለ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጠበቀኝ።

ለቆራሌው ሰጥቻታለሁ አልኩት።

ቢሰድበኝ በስንት ጣዕሙ። እጁን ሰብስቦ ጭኑ ላይ አደረገው። እኔ ግን ተንጨረጨርኩ። ወንድሜን ከነቪዲዮው አጠብኩት፣ ባለሱቁን ከነዘር ማንዘሩ ረገምኩት፣ ጎማውን በእርግጫ መታሁ። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ለመስቀል የሚገባ ሰው ጢም ብሎ ሞልቶበታል። በስተመጨረሻ አባዬ ራሱ፣ ያ ከራሴ መኪና በሌላ አልሄድም ያለው ሰው፣ አስፋልቱ ዳር ቆሞ በማያይ ዓይኑ ድምፅ እየሰማ እጁን ያወጣ ጀመር። አንድም የቆመለት የለም።

ከሰዓት በኋላ የአጎቴ ሴት ልጅ ጋ ደወልኩ። መኪናዋ ተበላሽታብን ነው አልኳት። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ምን እንዳልኩ የገባኝ። በእነዚያ ዐሥራ አንድ ዓመታት ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ቀን ቆርጠው ነበር። አባዬ ሦስቱንም ጊዜ መኪናዬ ተበላሽታለች ብሎ ቀርቷል። መኪናዋ ግቢያችን ውስጥ ቆማ። በስልክ የነገርኳቸው ደግሞ እኔው ነኝ፤ በዚሁ አፌ፣ በዚሁ ቃል።

ስልኩን ለአባቷ ሰጠቻቸው። አባዬ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበር። አጎቴ በደከመ ድምፅ፣ በአገራችን ቋንቋ፣

“ዘንድሮም መኪናዋ ናት። እሺ” አሉና ስልኩን መለሱላት።

አባዬ ጠጋ ብሎ ወንድሜ፣ ወንድሜ እያለ ጠራቸው። ስልኩ ተዘግቷል።

ከዚያ ወዲያ ኮፈኑ ሥር ገባ። እኔም ወንድሜም ልንከለክለው አልቻልንም። ኤሌክትሮኒኩን ዳብሶ አገኘውና ጨርቅ ውሃ እየነከረ ያቀዘቅዘው ጀመር፤ ትነሣለች፣ ጥቂት እንሄዳለን፣ ትጠፋለች፣ ደግሞ ይወርዳል። እጁ እስከ ክንዱ በግሪስና በጥላሸት ጠቆረ፣ ሁለት ቦታም ተቃጠለ። ሲመሽ አንዲት ከተማ ቤርጎ ይዘን አደርን። እጅህን ታጠብ ብለው እንቢ አለኝ። በማግስቱም እንዲሁ እየቆምን እየተነሣን እኩለ ቀን ሲሆን ደረስን።

አጎቴ ደጅ አልነበሩም። ልጃቸው እንደነገረችን በደመራው ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ወንበር አስወጥተው መንገዱን ሲያዩ ውለዋል። ስልኩንም ከመለሱላት በኋላ ከወንበራቸው አልተነሡም። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በሬውን እረዱት፣ አይመጣም ብለው ገቡና ተኙ። ከዚያ ወዲህ ለማንም አልተናገሩም፤ ትንፋሻቸው ብቻ ነው ያለው።

እንደ ደንቡ ውሃና መታጠቢያ ይዛ ወደ አባዬ መጣች። እሱ እጄን ሳያይ አልታጠብም አላት። ክንዱን ይዤ እስከ አልጋው አደረስኩት። ተንበረከከና ሁለቱን እጆቹን ወደ ወንድሙ ፊት ዘረጋ።

“እየው፣ ግሪስ ነው” አለ። “ዘንድሮ እውነቴን ነው።”

አጎቴ ዓይናቸውን አልገለጡም። አባዬ ጥቂት ጠበቀና፣ ቤቱ ጨልሞ እንዳይሆን ብሎ፣ እጆቹን ወደ በሩ ብርሃን ዞር አደረጋቸው።