በልጅ የተማለ መሐላ

ባለፈው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ካህናችን የመራጮች ምዝገባ መጀመሩን ሲያሳስቡ፣ ልጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «እማዬ፣ ይሄ ደግሞ ከካቶሊክነት ጋር ምን አገናኘው?» አለችኝ።  አንድ የድሮ ምርጫ ትዝ አለኝ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መንዝ ውስጥ ሞላሌ አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። በሰፈሩ ካቶሊክ እኔ ብቻ ነበርኩ። እትዬ መጀመሪያ «ለመሆኑ ማርያምን ታውቋታላችሁ?» እያሉ ይፈትኑኝ ነበር፤ አብረን ጾመን አብረን ስንፈታ ልባቸው አረፈ። ባላቸው ሞተዋል። አንድ ልጃቸው የጭነት መኪና ረዳት ሆኖ አገር ያዳርሳል፤ እሳቸው ቀኑን ሙሉ ደጅ ተቀምጠው የበግ ፀጉር እየፈተሉ መንገድ መንገዱን ያያሉ። የመንዝ ብርድ መቼም አይጣል ነው! የሰጡኝ ባና፣ ያ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ባይኖር በወሩ ሸሽቼ ነበር።

ምርጫው ሲቃረብ፣ ጎረቤቱን በቡድን በቡድን ያደራጁበት የአንድ ለአምስት መሪያችን ወንጌል ይዞ መጣ። መሐላ እዚያ አገር ቀልድ አይደለም፤ ሰውዬውም ይህን አሳምሮ ያውቃል። እኔን «ድርጅቱን ባልመርጥ ወንጌሉ ይፍረድብኝ» በይ አለኝ። ለእንጀራዬ ፈራሁና አልኩ። እትዬን ግን «ባልመርጥ ልጄን ያሳጣኝ» አሰኛቸው። ባላቸው ሲሞቱ መሬታቸውን ቆርሰው የወሰዱባቸው የዚሁ ድርጅት ሰዎች ነበሩ። እጃቸውን ወንጌሉ ላይ ጭነው ማሉ።

ለፋሲካ፣ አውቶቡሱ በበልግ ጭቃ እየተንሸራተተ፣ አዲስ አበባ ገባሁና ለነፍስ አባቴ፣ ለአባ፣ ተናዘዝኩ።

«በፍርሃት አስገድደው ያስማሉሽ መሐላ አያስርሽም» አሉኝ። «ድምፅሽ ለጎረቤትሽ ደኅንነት የተሰጠሽ አደራ ነው። ኅሊናሽን መርምረሽ ምረጪ። ንስሐሽ ደግሞ ይህንኑ አብረውሽ ለማሉት መንገር ነው።»

ምነው መቶ ስግደት ባዘዙኝ!

ተመልሼ ለእትዬ ስነግራቸው እንዝርታቸው ቆመ።

«አንቺ ልጅ፣ በልጄ እኮ ነው የማልኩት! የናንተ ቄስ ልጄን ይመልስልኛል?»

«የራስዎን የነፍስ አባት ይጠይቁ፣ እትዬ።»

«ዝም በይ! ግድግዳም ጆሮ አለው።»

የምርጫው ዕለት ኅሊናዬ ያለኝን መረጥኩ። እትዬም ተራቸው ደርሶ ገቡ፤ ሲወጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጣል አድርገው በአጠገቤ አለፉ። አልጠየቅኳቸውም።

ከማግስቱ ጀምሮ የልጃቸው ስልክ አልጠራ አለ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። እትዬ ከእፍኝ ቆሎ በቀር እህል አልቀመሱም፤ እኔን ሲያዩ ፊታቸውን ያዞራሉ። ገደልኩት ብዬ አመንኩ። አባ ያሉኝን ሁሉ ረስቼ፣ «ጌታዬ፣ መዓቱ በኔ ይሁን» እያልኩ ስጸልይ ከረምኩ።

ሰኔ ገባ። አንድ ቀን በረዶ ሲወርድ ልጁ በስብሶ ከች አለ። ስልኩን ሰርቀውት ኖሯል። እትዬ ጉልበቱን አቅፈው ወደቁ።

«ማረኝ! ጌታዬ፣ ማረኝ!» እያሉ ተንሰቀሰቁ።

ልጁ ምን እንዳጠፉ ግራ ገባው። እኔ ግን ድምፃቸውን ለማን እንዳልሰጡ ያን ጊዜ ገባኝ።

አብረውን ለማሉት ለሌሎቹ ሦስት ጎረቤቶች የአባን ቃል አላደረስኩም። ፈራሁ፤ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ከቤተክርስቲያን ስንወጣ ልጄን «ነገ አብረን እንመዘገባለን» አልኳት።

«ወረፋው እኮ ረጅም ነው» ብላ አጉረመረመች።

እትዬ ጥሩወርቅ ያን ቀን ወረፋ የቆሙት አንድ ልጃቸውን አስይዘው ነበር።