ሦስት ጣት ለፈትያ

እትዬ መሊካ በየማለዳው፣ የምጣዱ ከሰል ገና ሳይያያዝ፣ ቀኝ እጃቸውን ቅቤ ይቀቡና ባዶ አየር ጨብጠው ይለቃሉ። ሦስት ጊዜ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነው፤ እንደ ሸዋ ሮቢት ባለ ሙቀት በማይጎድልበት አገር እንኳ ጠዋት ጠዋት መገጣጠሚያቸውን ይይዛቸዋል። ጣቶቻቸው መፍታታታቸውን ሲያረጋግጡ «ቢስሚላህ» ብለው ከድስቱ የመጀመሪያውን ቅንጬ ይዘግናሉ። ያንን የመጀመሪያውን ለብቻው ያስቀምጡታል፤ አይሸጡትም።

ቅንጬው የማሽላ ነው። ተዘፍዝፎ ያደረ፣ በሙቀጫ ተወቅጦ ገለባው የወጣ፣ በድንጋይ ወፍጮ የተከካ፣ በጨው ውኃ ተቀቅሎ የተነጠረ ቅቤ የጠጣ። ሌላ ሰው ይህን ቁርስ ብሎ በማንኪያ ይበላዋል። እሳቸው ዘንድ ግን ሥራው ገና ነው። ትኩሱን በቅቤ በራሰ መዳፍ ጨብጠው ያጠብቁታል፤ ከዚያ በብረት ምጣድ ላይ፣ በለዘበ እሳት፣ ቅርፊቱ ቀይ ዳማ እስኪሆን ያገላብጡታል። ውጩ ይንኮሻኮሻል፤ ውስጡ እንደ ድስቱ ቅንጬ ለስላሳ ነው። ስሙ ጭብጦ ነው።

በእያንዳንዱ ጭብጦ ጀርባ ላይ የጣት ጉድጓድ አለ። በአንዱ ላይ አንድ፣ በሌላው ሦስት፣ በሌላው አራት። መጀመሪያ ስጠይቃቸው ልማድ ነው ብለው አለፉኝ። ነገሩን የነገሩኝ ስመላለስ ከርሜ ነው።

ያደጉት ቀወት ገጠር ውስጥ ነው። ማሽላው ወተት መያዝ ሲጀምር ግሪሳ ይመጣል። ግሪሳ ሲመጣ ወፍ አይመስልም፤ ሰማይ ላይ የሚጠቀለልና የሚዘረጋ ጥቁር ጨርቅ ይመስላል፤ ካረፈበት ማሳ ላይ የሚተርፈው አገዳው ነው። ስለዚህ ልጆች ከጎህ እስከ ጀምበር ማማ ላይ ቆመው በወንጭፍና በጩኸት ይጠብቃሉ። ምሳ የሚያመጣላቸው የለም። እናታቸው መሪያም ከቁርስ የተረፈውን ቅንጬ ጨብጠው፣ በእሳት አድርቀው ለአራቱ ልጆቻቸው ያሲዟቸው ነበር።

ችግሩ ታላቅየው ሳልህ ነበር። የራሱን መንገድ ላይ ጨርሶ የታናናሾቹን ይቀማል፤ ሲጠየቅ ደግሞ የኔ ነው ብሎ ይምላል። እናትየው አልገረፉትም። ለሳልህ አራት ጣት፣ ለመሊካ ሁለት፣ ለፈትያ ሦስት፣ ለትንሹ ለሳሊም አንድ ጣት ጭብጦው ላይ ማሳረፍ ጀመሩ። ከዚያ ወዲያ ሳልህ የተያዘ ጊዜ እጁ ላይ ያለው ቁራሽ ራሱ ይመሰክርበታል። እትዬ መሊካ ይህን ሲያወሩ፣ ወንድሜን ሌብነት ያስጠላው ሃይማኖት ሳይሆን የእናቴ ጣት ነው እያሉ ይስቃሉ። አንድ ዓመት ግሪሳው አሸንፎ ማሳው ባዶ ቀረ። ላሚቱም ነጠፈች፤ ጭብጦው ያለ ቅቤ እንደ ድንጋይ ደረቅ ሆነ። ጣቱ ግን አልቀረም።

ዛሬ የእሳቸው ጉሊት ከዋናው መንገድ ዳር ነው። ከብርዳማው የጣርማ በር ዋሻ በኩል ጃኬት ለብሶ የመጣ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ አውልቆ ክንዱ ላይ ይጥላል፤ ጥላም ይፈልጋል። እትዬ መሊካ ለዘጠኝ ዓመታት የተቀመጡት በአንድ ካፌ አጥር ሥር፣ ሰፊ የኒም ዛፍ ጥላ ውስጥ ነበር። ደንበኞቻቸው ሁሉ ምልክት አላቸው። የባጃጅ ሹፌሩ አብዱልሃዲ ሁለት ጣት ነው። ተማሪዋ ኑርሃን ሦስት ናት፣ የፈትያን ማለት ነው። ጠዋት የሁሉም ድርሻ ሰፌድ ላይ ይደረደራል፤ ባለቤቱ በመጣ ሰዓት የራሱን አንስቶ ይሄዳል። ለመንገደኛ አራት ጣት ነው። መንገደኛ ሁሉ ሳልህ ነው፣ በልቶ ይሄዳል ይላሉ።

አምና ካፌውን ጣሪቅ የሚባል ወጣት ገዛው። ጂዳ ሰባት ዓመት ሠርቶ የተመለሰ ልጅ ነው፤ ጨዋ ነው፣ እትዬ መሊካን ጎንበስ ብሎ ሰላም ሳይል አያልፍም። ጭብጦውን ቀምሶ ወደደው። ከወደደው በኋላ ግን እንዴት እንደሚያሻሽለው ማሰብ ጀመረ። ከአዲስ አበባ የኮከብ ቅርጽ የሚያወጣ ብረት አመጣ። በቅቤ ፋንታ ዘይት፣ በጨው ፋንታ ስኳር፣ በሰፌድ ፋንታ ታሽጎ ስም የተለጠፈበት ላስቲክ። እትዬ መሊካ ወደ ውስጥ ገብተው፣ ቬንትሌተር ሥር ተቀምጠው በካፌው የሚሠሩትን ሴቶች እንዲመሩለት ለመናቸው።

«እጅዎ አይደክሞትም እትዬ?» አላቸው።

«እጄ አንተ ዘንድ መጥቶ ከሰሰኝ?»

ሳቀ። ግን ቆራጥ ነው። አጥሩን አፍርሶ ከዛፉ ሥር ወንበር ሊያወጣ እንደሆነ፣ ከእሱ ጋር ካልሠሩ ቦታው እንደሚያስፈልገው፣ እስከ ሰኞ እንዲያስቡበት በትሕትና ነገራቸው። ጥላው ወይም ጣታቸው፤ ምርጫው ይኸው ነበር። በዚያ ከተማ ቀትር ላይ ጥላ ማጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ምርጫውን ቀላል አይለውም።

ቅዳሜ ጣሪቅ አንድ ፈተና አቀረበ። ሁለት ሰፌድ ጎን ለጎን ይቀመጥ፤ አንዱ ላይ ኮከቡ፣ አንዱ ላይ ጭብጦው። እትዬ መሊካ እሺ አሉ። ሁለት አውቶቡስ ቆመ። መንገደኛው ወርዶ ኮከቡን ከበበው። በስልክ ፎቶ አነሱት፣ ለልጆቻቸው ገዙት። ጭብጦው ግማሹ ሳይነካ ቀረ። እትዬ መሊካ ይህን ሲነግሩኝ ድምፃቸውን አላወረዱም፤ በኮከብ መሸነፌን ጻፊው አሉኝ፣ ሳይደበቅ።

ጣሪቅ በዚህ ተደፋፈረና ለደንበኞቹም ኮከብ ይደርደርላቸው አለ። እትዬ መሊካ ያልተነካውን ጭብጦ በጨርቅ ሸፈኑት። ከዚያ ይሞከር አሉ፤ የየሰዉን ድርሻ በኮከብ ቆጥረው ሰፌዱ ላይ አስቀመጡና እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ስድስት ሰዓት ላይ አብዱልሃዲ ባጃጁን አቁሞ መጣ። ኮከቦቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ ጀርባቸውን አየ። ምልክቱን ሲያጣ በጣም ርቦት ነበርና ድርሻው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለት አንስቶ በላ። ወዲያው ኑርሃን ከቅዳሜው ማጠናከሪያ ትምህርት ደረሰች፤ የሌሎቹን ድርሻ ቆጥራ ብታወጣ ለእሷ የቀረ የለም።

«የኔን በላኸው» አለችው።

«ያንቺ መሆኑ ተጽፎበታል?»

«ሁልጊዜማ ተጽፎበታል።»

አብዱልሃዲ አፉ እንደሞላ ባዶ እጁን ዘርግቶ አሳያት። ደንበኞች የሆኑት የጎማ ጥገና ቤት ወጣቶችም ሲደርሱ ቆጠራቸው አልገጥም አለ፤ አንዱ ሌላውን ሆዳም ብሎ ሰደበው፣ ሌላው ማለ። ነገሩ በሳቅ አለቀ፤ ኑርሃን ከተረፈው ጭብጦ ተሰጣት። እትዬ መሊካ ግን አልሳቁም። ሳልህ ከመቃብሩ ተነሥቶ ሰፌዱ አጠገብ የቆመ መሰላቸው፤ የኔ ነው እያለ፣ እየማለ፣ የሚመሰክርበትም ሳይኖር።

ሰኞ ጠዋት ጣሪቅ አጥሩን የሚያፈርሱ ሁለት ሰዎች ይዞ መጣ። ምን እንደወሰኑ ጠየቃቸው። እትዬ መሊካ ምጣዱን ጠርገው ጨርሰው ነበር።

«እሄዳለሁ» አሉት።

«ወዴት? ማዶ ፀሐይ እኮ ነው እትዬ።»

«ማማ ላይም ጥላ አልነበረም።»

ጣሪቅ አንገቱን ደፋ። ሰዉ ኮከቡን እንደመረጠ፣ በዓይናቸው እንዳዩት አስታወሳቸው። ክፋት አልነበረበትም፤ በእውነት አልገባውም።

«አይቻለሁ» አሉት። «መንገደኛው ላንተ ይሁን፣ አልመቀኝህም። ያንተ ኮከብ የማንም ነው። እኔ የማንም የሆነ ነገር ጨብጬ አላውቅም፣ አሁንም አልጀምርም።»

ምጣዳቸውን በራሳቸው እጅ፣ ምድጃቸውን በአብዱልሃዲ ባጃጅ አድርገው አስፋልቱን ተሻገሩ። ሽቦው የተጠገነ ጃንጥላ ተከሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር፤ ፀሐዩ ቅቤውን በጣባው ውስጥ እንደ ውኃ ያደርገዋል፣ እሳቸውም ሁለት ቀን ራሳቸውን አሟቸው ዋሉ። ሁሉም ደንበኛ አልተከተላቸውም። የጎማ ቤቶቹ ልጆች ግማሾቹ እዚያው ወንበሩ ላይ ቀሩ፤ ቬንትሌተርም ቀዝቃዛ ውኃም አለ። እትዬ መሊካ የቀረባቸውን ሰው ምልክት ማንም እንዲወስድ አይፈቅዱም። አንድ አዲስ ደንበኛ የአንዱን ጣት ቢጠይቃቸው፣ ባለቤቱ አልሞተም፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲጠግብ ይመጣል አሉት። አብዱልሃዲ ከቀትር በኋላ ተሳፋሪ ሲጠፋ ባጃጁን በምዕራብ በኩል አጠጋግቶ ያቆማል፤ ትንሽ ጥላ ትሆናለች። ባጃጁን ማቀዝቀዝ አለብኝ ይላል እንጂ ለምን እንደሆነ አይናገርም።

ልጃቸው ቤት ዋዪ ብላቸዋለች፣ እህታቸው ፈትያ ከኮምቦልቻ ደውላ ምን አገባሽ ከወጣት ጋር ብላቸዋለች። ለሁለቱም የመለሱት አንድ ነው፤ እጄ እስኪታጠፍ እጨብጣለሁ፣ ሲታጠፍ ደግሞ እንደታጠፈ እጨብጥበታለሁ።

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ፈቅደውልኛል፤ ስማቸውንም፣ ሽንፈታቸውንም፣ የሳልህን ሌብነትም። አንድ ነገር ብቻ ተይልኝ አሉኝ፣ ሰው ሲያነበው ለዘብ ብላለች ይላል፣ ብለው። ልተወው ግን አልቻልኩም፤ ጠዋት ጣታቸውን አፍታተው የሚጨብጡት ያ የመጀመሪያው፣ የማይሸጡት ጭብጦ፣ የጣሪቅ ነው። ከተማ ተወልዶ ያደገ፣ ማማ ላይ ቆሞ የማያውቅ ልጅ ምልክት የለውም ብለው፣ እናታቸው ለማንም ያልሰጡትን አውራ ጣት ሰጡት። ወንበሮቹ ከመውጣታቸው በፊት አብዱልሃዲ በጨርቅ ጠቅልሎ ያሻግርለታል፤ ጨርቁ በየቀኑ ታጥቦ ይመለሳል።