በድራማው ውስጥ የሌለው ሰው

ሰፈሩ «አጉሊ» ይለዋል። በፖሊስ ምርመራ ክፍል ምድር ቤት ውስጥ ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ዐይኑን ጨፍኖ በአጉሊ መነጽር የሰው ጣት አሻራ ሲያይ የኖረ ሰው ነው። ጡረታ ቢወጣም ልማዱ አልለቀቀውም፤ ብርጭቆ ሲያቀብሉት መጀመሪያ የሚያየው ውሃውን ሳይሆን ብርጭቆው ላይ ያረፈውን ጣት ነው። ስለ ሥራው ግን ቤቱ ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም።

ሚስቱ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች። የድሮዎቹን የወንጀል ምርመራ ልብ ወለዶች አንድ በአንድ አንብባ ጨርሳለች። አሁን የዐይኗ ነርቭ ተጎድቶ ብርሃንና ጥላ ከመለየት በቀር አታይም። እነዚያ መጻሕፍት በአዲስ መልክ ድራማ ሆነው ተሠርተው ቅዳሜ ከሰዓት በቴሌቪዥን ሲቀርቡ ታዲያ እሷ ትሰማለች፣ እሱ የሚያየውን ይነግራታል። «ዐይኔ አንተ ነህ» ብላዋለች። ይህን ቃል እንደ አደራ ነው የተቀበለው።

ችግሩ ድራማው ነው። በመጽሐፉ ውስጥ መርማሪው ተንበርክኮ የሲጋራ አመድ ይለቅም ነበር። የዛሬው ስልኩን ብቻ ይደቅናል፤ ግድግዳ በሚያህል ስክሪን ላይ አሻራዎች ዥው ብለው ያልፋሉ፤ በሦስት ሰከንድ ውስጥ «ተገኘ!» ይባላል። አጉሊ ደሙ ይፈላል። ጓንት እንኳ ያላጠለቀ መርማሪ የሚያገኘው የራሱን ጣት ነው! እሱ ለአንድ አሻራ ሦስት ሳምንት፣ አንገቱ እስኪደነዝዝ ተቀምጧል። እርግጥ የድሮው መርማሪም ቢሆን ተሳስቶ የማያውቅ ጉረኛ ነው፤ ቢያንስ ግን ጎንበስ ብሎ ያያል።

አንድ ቅዳሜ ሳያስበው ድራማውን አስተካከለው። ያን የሚያብረቀርቅ ስክሪን ዘለለና፣ «አሻራውን ምድር ቤት ላለ ሰውዬ ሰጡት» አላት።

«ምን ዓይነት ሰውዬ?»

«ቀጭን ነው። በአጉሊ መነጽር ነው የሚያየው።»

ሰውየውን ወደደችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሷ ጠየቀች፤ ከዚያ ወዲያ ሰውየው በየሳምንቱ ይመጣ ጀመር። ዱቄት በብሩሽ ይነሰንሳል፣ የአሻራ መስመር ይቆጥራል፣ አለቃው «ቶሎ በል!» እያለ ያጣድፈዋል። አንድ ጊዜማ አጉሊ አፉ አመለጠውና ሰውየው ተሳሳተ፦ የደበዘዘ አሻራ አይቶ «የእሱ ነው» ብሎ ፈረመ፤ አንድ ምስኪን ዳቦ ጋጋሪም አሥራ አንድ ቀን ታሰረ። ያን ዕለት ሚስቱ ፊቷን ከቴሌቪዥኑ ወደ እሱ መለሰች። እሱም ውሃ ልጠጣ ብሎ ተነሣ።

ውስጡ ይቆረቁረው ነበር። ዐይኗን አምና የሰጠችውን ሴት ይዋሻታል? ግን ሰውየውን ማባረርም አልሆነለትም።

አንድ ቅዳሜ ሴት ልጃቸው ልትጠይቃቸው መጥታ አብራቸው ተቀመጠች። ድራማው መሐል ላይ እናትየዋ፣ «ዛሬ ያ የምድር ቤቱ ሰውዬ ቀረ እንዴ?» አለች።

«የቱ ሰውዬ እማዬ? ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አይቼዋለሁ፤ እንደዚያ ያለ ሰው የለም እኮ።»

አጉሊ በላብ ተጠመቀ። ከእንግዲህ «ደጅ ዝናብ ነው» ቢላት ታምነዋለች? «መድኃኒትሽ ይኸው» ቢላት እጇን ትዘረጋለች?

ልጅቱ ፊቱን ስታይ ገባት። «አባዬ! ከራስህ እየፈጠርክ ነው እንዴ የምትነግራት?»

«ተይው» አለች እናትየዋ እየሳቀች። «የታመመው ዐይኔ ነው፣ ጆሮዬ ምን ሆነና! ሰውየው አንድ ቀን ድምፁን አሰምቶ አያውቅም። ቴሌቪዥኑ ‹ተገኘ!› ብሎ ሲጮህ፣ አባትሽ ‹ገና ሦስት ሳምንት ይፈጃል› ይለኛል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?» አለ አጉሊ።

«እንዳታቋርጥብኝ ነዋ!»

ልጅቱ ሻይ ላፍላ ብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች። እናትየዋ ሳቋን ተወች።

«ያ ዳቦ ጋጋሪ እውነት ነው አይደል?»

«እውነት ነው። ልጃችን ጥርስ ያበቀለች ጊዜ ነው። ስህተቱን ራሴ ደረስኩበትና ለአለቃዬ ነገርኩት። ሲፈታ ቤቱ ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት።»

«እህል አትቀምስም ነበር ያኔ። ታመሻለህ። ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ትተኛለህ። ምን ሆንክ ስልህ ‹ምንም› ትለኛለህ።»

«አፍሬ ነው። በአንቺ ፊት ትልቅ ሰው መምሰል ፈልጌ ነው።»

«እኔ ደግሞ ሌላ ሴት የያዝክ መስሎኝ ነበር።»

አጉሊ ደነገጠ። «እስከ መቼ?»

«ዳቦ ጋጋሪውን እስከነገርከኝ ቅዳሜ ድረስ።»

ሠላሳ ዓመት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ይህን ይዛ ሸሚዙን ተኩሳለታለች፣ ሲያመው አስታማዋለች፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትወቅሰው ጎኑ ተኝታለች። አጉሊ አጠገቧ ተቀምጦ እጇን ያዘ።

«ማንንም አልያዝኩም» አላት።

«አሁንማ አወቅኩ።» ጣቶቿን በጣቶቹ መሐል ከተተች። «በል ቴሌቪዥኑን አጥፋውና ንገረኝ፤ ይቅርታ ስትለው ዳቦ ጋጋሪው ምን አለህ?»