እጇ ጭቃ ያውቃል

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም እንኳ። የገደፍኩትን ጾም፣ ያማሁትን ጎረቤት፣ በንዴት የረገምኩትን በሬ ሳይቀር ተናዝዣለሁ፤ ስግደት ሲሰጠኝም ሰግጃለሁ። ይህችን ግን ዋጥኳት። የነፍስ አባቴ ከባሌ ጋር አብረው የተማሩ ስለሆኑ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖርኩ። ውሸቴን ነው። የዋጥኳት ስላፈርኩ ነው። እንግዲህ እናንተ የማታውቁኝ ስሙኝ፤ ፍርዱ የናንተ ነው።

ስሜ ይታይሽ ነው። ያደግሁት ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ጉማራ ወንዝ ወደ ጣና ሊገባ ሲቃረብ፣ ከዳሩ ነው። ዛሬ ያን አገር ያየ ሰው ሩዝና የውኃ መሳቢያ ሞተር ብቻ ነው የሚያየው። በኔ ልጅነት ሩዝ የሚያውቅ አልነበረም። ጓያ ነበር፣ ከብት ነበር፣ ከሁሉ በላይ ግን አሣ ነበር። ክረምት ሲገባ ጉማራ ይሞላና ሜዳው ላይ ይተኛል፤ አሣውም ከጣና ወደ ላይ ይወጣል። ያን ጊዜ አባቴና ጎረቤቶቹ በደንገል ታንኳ ላይ ሆነው መረብ ይጥላሉ። ወረታ ገበያ ስንሄድ የከተማ ልጆች አፍንጫቸውን ይይዙብን ነበር፤ እኛም አሣ የበላ ሰው ጠረኑን አይጠላም እያልን እናልፋቸዋለን።

መረብ ከግርጌው ካልከበደ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ሌላ አገር ድንጋይ ያስሩበታል አሉ። የኛ ሜዳ ግን ጥቁር አፈር ብቻ ነው፤ ውሻ ቢመጣባችሁ የምትወረውሩት ጠጠር አታገኙም። ስለዚህ አባቴ መረቡ ግርጌ የሚያስረው ድብልብል ሸክላ ነበር፤ ጭቃው ይድቦለቦላል፣ መሀሉ ይበሳል፣ ከደረቀ በኋላ በኩበት እሳት ይተኮሳል። ሰው ሲጠይቀው ከገበያ ገዛሁት ይላል። የምትሠራለት ግን የገዛ እናቱ፣ እምዬ ሙሉ ነበረች።

ለምን ይደበቃል? ያገሬ ሰው ያውቀዋል፤ ለማያውቅ ልንገር። በኛ አገር የሸክላ ሠሪ እንስራው ይፈለጋል፣ እሱ ራሱ አይፈለግም። ቡዳ ነው ይሉታል፤ አይጋቡትም። እምዬ ሙሉ የሸክላ ሠሪ ልጅ ነበረች። ወንድ አያቴ ከሩቅ አገር አምጥቶ አገባትና ዘሯን ሰውሮ አኖራት። ከቤታችን ሰው በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ ከአንዲት ልጅ በቀር።

ያች ልጅ ትርንጎ ናት። ቤታቸው ከኛ አጥር ቀጥሎ ነው፤ አባቷም እንደ አባቴ አሣ አጥማጅ ነበር። አብሮ አደጌ ናት፤ ከአንድ ትሪ በልተን፣ በአንድ ቁርበት ተኝተን ነው ያደግነው። አንድ ቀን እምዬ ሙሉን ተከትለን ወንዝ ዳር ወረድንና ሸንበቆው መሀል ተቀምጣ ጭቃ ስታሽ ደረስንባት። ደነገጠች። ወዲያው ደግሞ ሳቀችና ሁለታችንንም በሚካኤል አስማለችን፤ እስክንሞት ላንናገር። ከዚያ ወዲያ አስተማረችን።

የትርንጎ ድብልብል እንደ እንቁላል ለስላሳ ሆኖ ከእሳት ይወጣል። የኔ ይሰነጠቃል። ደጋግሜ ብሞክርም ተሰነጠቀ። እምዬ ሙሉ እጄን ይዛ "ያንቺ እጅ ችኩል ነው፣ ልጄ" አለችኝ፤ በፍቅር ነው ያለችኝ። የትርንጎን እጅ ግን አንስታ ሳመችው። እኔ የልጇ ልጅ ቆሜ እያየሁ! አንጀቴ ቅጥል አለ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ትርንጎ ስትስቅ፣ ትርንጎ ስትዘፍን፣ ትርንጎ ጠጉሯን ስትሠራ አያለሁ፤ ሁሉም ከኔ የተወሰደ ይመስለኛል። ምን ወሰደችብኝ? ምንም። እኔ ግን ቀናሁ።

አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነን ለትርንጎ ሽማግሌ መጣ። ልጁ አዳነ ነው፤ የደብሩ ዲያቆን፣ የቄስ ልጅ፣ ድምፁ ማሕሌት ላይ ከሁሉ ተለይቶ የሚሰማ። እኔ ለዚያ ድምፅ ብዬ ነበር በዓል በመጣ ቁጥር ቀድሜ ቤተ ክርስቲያን የምደርሰው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለትርንጎም። እሷ ግን መጥታ አንገቴን አቅፋ ነገረችኝ። ደስታዋን ለኔ ነው ቀድማ ያመጣችው። እኔም እልል አልኩ።

አሁን ወደ ሥራዬ ልምጣ። የቄስ ቤት ሲጋባ ዘር ይጠየቃል። የአዳነ አክስት እትዬ ዘውዴ ውኃ ልቀዳ የወረድኩበት ድረስ መጡ። አብሮ አደጓ ነሽና ንገሪኝ፣ የልጅቱ ነገር እንዴት ነው ብለው ጠየቁኝ። እንስራዬን አስቀመጥኩ። ደግ ናት አልኩ፤ ሥራ ታውቃለች አልኩ፤ ከሰው አትጣላም አልኩ። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። እዚያ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? አላቆምኩም። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ፣ እያዘንኩ መስዬ፣

"እጇ ግን ጭቃ ያውቃል" አልኳቸው።

ይኸው ነው። ውሸት አልተናገርኩም፤ ክፋቱ እኮ እሱ ነው! እውነቱን ከወገቡ ቆርጬ ሰጠኋቸው። ማን እንዳስተማራት ዋጥኩ። የመሐላዬን ግማሽ አፈረስኩ፣ እኔን የሚጠቅመኝን ግማሽ ጠበቅሁ። እትዬ ዘውዴ አማተቡ። እኔም አብሬ አማተብኩ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አልመለስኩትም፤ ልመልሰውም አልፈለግሁም።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ ሳይጠሩ የትርንጎ ቤት ገቡ። ከጓዳው በር አጠገብ በድብልብል የተሞላ ሰፌድ አገኙ፤ ገና እየደረቀ። የማን ነበር መሰላችሁ? የአባቴ ነው። የእምዬ ሙሉ ጣት በቁርጥማት አብጦ ስለነበር ትርንጎ እሷን ላሳርፍ ብላ ለአባቴ መረብ የሠራችው ነው። ቸርነቷን ነው ማስረጃ ያደረጉባት። ወደ ማስረጃው የመራኋቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ሰው ተሰበሰበ። እኔም በአጥሩ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይሆን እዚያው ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። አንዱ ሽማግሌ "ይህን ማን አስተማረሽ?" አሏት። አንዲት ስም ብትጠራ ትድን ነበር። እሷ ትድናለች፣ የኛ ቤት ይፈርሳል። ትርንጎ ዓይኗን አንስታ አየችኝ። ልትናገር ነው አልኩ። እሷ ግን ራሷን አቀረቀረችና ዝም አለች። እናቷ ኧረ ተናገሪ ብላ ትከሻዋን ይዛ ስትነቀንቃት እንኳ ዝም አለች።

ጋብቻው ፈረሰ። ውኃ ስትቀዳ ሴቶቹ እንስራቸውን ያርቁባት ጀመር። የጎረቤት ሕፃን ሆዱን በታመመ ቁጥር ዓይን ሁሉ ወደ እነሱ ቤት ይዞር ነበር። ቡዳ የሚባል አጥንት እንደሌለ ከመንደሩ ሁሉ እኔ ነበርኩ የማውቀው። የምን አጥንት! ያችን ሸክላ ሠሪ ተጣብቄ ተኝቼ፣ ከእጇ ጎርሼ አድጌ የለም እንዴ? ግን ዝም አልኩ። የሷ ዝምታና የኔ ዝምታ አንድ ይመስላችኋል?

እምዬ ሙሉ ገብቷታል። አንድ ማለዳ አስጠርታ "ይታይሽ፣ አንቺ ነሽ?" አለችኝ። አይደለሁም አልኩ። በሚካኤል በይ አለችኝ። ሚካኤልን አልኩ። ሌላ አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቀን ወዲያ ጭቃ አልነካችም፤ ከእጄም ውኃ ተቀብላ አልጠጣችም፤ አስቀምጪው ትለኛለች። ዓመት ሳይሞላ ሞተች። ትርንጎ በቀብሯ ቀን ከሰው ርቃ ቆማ አለቀሰች፤ ልቅሶዋ ከኔ በለጠ። እመኑኝ፣ በዚያም ቀናሁባት።

በዓመቱ ሽማግሌዎቹ ወደኛ ቤት መጡ። ዘር ጠየቁ፤ የጠራ ነው ተባለ። እኔም አዳነን አገባሁ። ከቀሰሱ በኋላ አንቱ እያልኩ ኖርኩ፤ ጥሩ ባል ነበሩ። ነገር ግን ያለ ሥራቸው ወደ ሐሙሲት መንገድ ባዩ ቁጥር ዓይናቸውን እከተላለሁ፤ ትርንጎ ሐሙሲት ሄዳ መኪና መቆሚያው ጋ ለሹፌሮች አሣ እየጠበሰች እንደምትኖር ሰምቼ ነበርና። አንድም ቀን ስሟን አንስተው አያውቁም። አለማንሳታቸውም ያቃጥለኝ ነበር። በእጄ ባስገባሁት ሰው ላይ አርባ ዓመት ስቀና ኖሬ ቀበርኳቸው።

ትርንጎ ባል ሳታገባ አረጀችና የአባቷን መሬት ይዛ ተመለሰች፤ አሁን ሩዝ ታሳርሳለች። በመንገድ ስንገናኝ "እንደምን ዋልሽ" እንባባላለን።

ዘንድሮ ለልጅ ልጄ ለሰላም ሽማግሌ መጣ። ልጁ ወረታ የእህል መጋዘን ያለው ሰው ልጅ ነው። ዘመን ተለወጠ ይላሉ፤ ልጆቹ በስልክ ተዋውቀው ይፈላለጋሉ፣ ሽማግሌው ግን ዛሬም ዘር ይጠይቃል። ማንን ቢጠይቁ ጥሩ ነው? የመንደሩን አሮጊት፣ ከኛ ቤት ጋር ያደገችውን፣ ትርንጎን። እኔ ይህን ስሰማ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። ደረሰብኝ አልኩ፤ ይገባኛልም አልኩ። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌዎቹ እየሳቁ መጡ። ትርንጎ ያለቻቸው ይህን ብቻ ነው፦ አብሬያቸው በልቼ አድጌያለሁ፣ ከዚያ ቤት የጎደለ አላየሁም።

እንግዲህ ይህን ሰምቼ እንዴት ልቀመጥ? የአባቴ መረብ በስብሶ ካለቀ ቆይቷል፤ ከድብልብሎቹ አንዱ ግን በሙዳይ ውስጥ አለኝ። የሷ እጅ ሥራ ነው፤ ያልተሰነጠቀ። በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ሄድኩ። ሩዝ አስጥታ ወፍ ትጠብቃለች። አጠገቧ መሬት ላይ ተንበረከክሁና ድብልብሉን ጉልበቷ ላይ አኖርኩት። የተናገርኩት እኔ ነኝ አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች። "ያን ጊዜም አውቄ ነበር።"

እንባዬ መጣ። ሁለት ጊዜ አዳንሽኝ፣ ለኔ ብለሽ ዕድሜሽን ሰጠሽ እያልኩ እግሯን ልስም ጎነበስኩ። እግሯን ሰበሰበች። ድብልብሉን አንስታ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው።

"ላንቺ ብዬ መሰለሽ?" አለችኝ፤ ድምፅዋ ቁጣ የለበትም። "እኔ የማልኩት ለእምዬ ሙሉ ነው። ሊሞቱ ሲሉ አስጠርተውኝ፣ እጄን ስመው፣ ልጄ አንቺ ነሽ ብለውኛል። አንቺ ያን ጊዜ ገበያ ነበርሽ።"

ከዚያ ወፏን እሽ አለችና ሩዟን ማገላበጥ ጀመረች። ድብልብሉን አልመለሰችልኝም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ኑዛዜ ነውና የመጨረሻውን አልደብቅም። በሩዙ መሀል ወደ ቤቴ ስመለስ ያለቀስኩት ተጸጽቼ ነው ብትሉ ተሳስታችኋል። ቀንቼ ነው ያለቀስኩት። የገዛ አያቴ በመጨረሻዋ ቀን ልጄ ያለቻት እሷን ነው። ከእጄ ውኃ አልቀበል ያለች አያቴ የሷን እጅ ስማ ሞተች። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ሽበቴ፣ በልጅነቴ ወንዝ ዳር ቆሜ ድብልብሌ ተሰንጥቆ የሷን ሳይ የተሰማኝ ያው ነው የተሰማኝ። ለሰላም አማቾችም እውነቱን አልነገርኩም፤ ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይፍታሽ እንዳትሉኝ። ያልለቀቅሁትን ነገር ምን ብላችሁ ትፈቱልኛላችሁ?