ከሻርፔ ጀርባ የተጠጣ ውሃ

ጉብሬ ካለው ዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ቡታጅራ ስመለስ ቶሎ ሥራ እይዛለሁ ብዬ ነበር። እማን ሐኪም ቤት ማመላለስ ሆነ ሥራዬ። የወር አበባዋ ከቆመ ስንት ዓመቱ፣ ደም ተመልሶ መጣባት። አፍራ ደበቀችን። በኋላ ስትመረመር የማህፀን ካንሰር ነው ተባለ። ቀዶ ጥገናውን ጨረስን፤ ቀጥሎ ጨረርና ኬሞ አንድ ላይ ታዘዘላትና አዲስ አበባ አክስቴ ቤት ገባን።

ሐኪሙ ረጋ ብሎ አስረዳት። "ኬሞው በሽታውን ያደክመዋል፣ ጨረሩ እዛው ላይ ይደርስበታል። ሁለቱን ማለያየት የለብንም። ጨረር ሊገቡ ሲሉ ደግሞ ብዙ ውሃ ይጠጡ። ፊኛዎ ሲሞላ አንጀትዎን ከጨረሩ ያርቅልናል።"

እማ እሺ አለች። ከዚያ ረመዳን ገባ።

አንድ ጠዋት የጨረር ማሽኑ ጋ የምትሠራው ልጅ እማን መልሳ አወጣቻት።

"ፊኛቸው ዛሬም ባዶ ነው።"

"ዛሬም?" ትናንት ያመጣቻት አክስቴ ነበረች፤ ማንም አልነገረኝም።

"አሁኑኑ ጠጥተው ይጠብቁ። አለዚያ የዛሬውም ይቀራል።"

ኬሞውን በዚያው ሳምንት ወስዳለች፤ ስታስመልስ ነው የሰነበተችው። ያ ሁሉ በከንቱ ሊሆን ነው ብዬ ደሜ ፈላ።

"እማ፣ ጾመሻል እንዴ? አላህ ለበሽተኛ ፈቅዷል እኮ!"

"እሱማ ፈቅዷል። በዚህ ሁሉ ጿሚ ፊት ጠርሙስ ላንሳ? ደሞ አትጩኺብኝ፣ የተመረቅሽው በጩኸት ነው?"

አግዳሚው ላይ ሂጃብ የለበሱ ሴቶች ተደርድረዋል። ያኔ ገባኝ።

የወር አበባ መጀመሪያ ያየሁት በረመዳን ነው፤ በዚያ ጊዜ ሴት አትጾምም። እማ ከቆሼ ከተማ ገበያ የምታመጣውን በርበሬ የምታከማችበት ዕቃ ቤት አስገባችኝና ዳቦና ሻይ ሰጠችኝ። "ፈጣሪ ፈቅዷል፣ ሰው ግን አይይሽ" ብላ በሩን በጀርባዋ ዘግታ ቆመች። እያስነጠስኩ በላሁ። ከዚያ በኋላ በየረመዳኑ በሩ ላይ የምትቆምልኝ እሷ ነበረች።

ኮሪደሩ ጥግ ወሰድኳትና ትከሻዬ ላይ ያለውን ሻርፕ እንደ መጋረጃ ዘረጋሁ።

"ግቢ።"

"እብድ!" አለች። ግን ገባች።

ጀርባዬን ለሰው ሰጥቼ ቆምኩ። ውሃው በጉሮሮዋ ሲወርድ ይሰማኛል።

"ጨረስሽ?"

"ቆይ እንጂ! ሆዴ በርሜል ነው?"

ትንሽ ቆይታ፣ ሆን ብላ፣ "ሃፕሺ!" አለች።

"ምን ሆንሽ?"

"በርበሬው ነዋ" አለችኝ። ሻርፑ በሳቋ ተንቀጠቀጠ። እኔም ሳቅኩ።

ጠብቀን እማ ስትጠራ፣ የማሽኑ ልጅ ፊኛዋን አየችና "አሁን ጥሩ ነው፣ ይግቡ እናቴ" አለቻት። እኔ ባዶውን ጠርሙስ ይዤ ቧንቧ ፍለጋ ሄድኩ። የነገውን ካሁኑ ልሞላ።